«ተመለስ» ያልተባለው ወፍ

ናሁላ እንግዳው ያደረበትን ምንጣፍ እያጠፈች ነበር። ጠርዙን ከጠርዙ ስታገጥም እጇ ረጠበ። አንሥታ ጨመቀችው፤ ውሃ ወረደ። ደግማ ጨመቀችው፤ አሁንም ወረደ፤ ጨው ጨው የሚል፣ የሩቅ ባሕር ሽታ ያለው ውሃ። እጇን ብታነሣም መፍሰሱን አልተወም። ደረጃውን ወርዶ፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ወደ ከተማው ታጠፈ።

እንግዳው ከበር የወጣው ገና አሁን ነበር። አንገተ ቀጭን፣ ግራጫ ካባውን በሙቀትም የማያወልቅ ሰው ነው። ማታ የወደብ ከተማዋ የታሙራ ሰዎች እንደ ወጋቸው ከበው ተረት ጠየቁት፤ እሱም ዓለም በውሃ ስለተዋጠችበት ዘመን አወራላቸው። በጀልባ የተረፉት ሰዎች መሬት ፍለጋ ወፍ ላኩ፤ ወፉ ሳይመለስ ቀረ፤ ባለመመለሱም መሬት መገኘቷ ታወቀ። የናሁላ ታናሽ ወንድም፣ ሰምራን የሚባለው፣ ወፉስ የት ደረሰ ብሎ ጠየቀ። እንግዳው ሳቅ ብሎ ካባውን ወደ ትከሻው ሳበ።

ጠዋት ሲሰናበታት ናሁላን አንድ ነገር ለመናት፦ «ተመለስ» እንዳትለው። በታሙራ ግን ያለዚያ ቃል ሰው አይሸኝም። ወደ ጦር የሚዘምት፣ ወደ ገበያ የሚወርድ፣ ውሃ ሊቀዳ የሚወጣ ሁሉ «ተመለስ» ይባላል፤ ሬሳ እንኳ ሲወጣ በሹክሹክታ ይባላል። ናሁላ ልመናውን አልናቀችም። ነገር ግን እግሩ ደጃፉን ሲያልፍ ቃሉ ከአፏ አመለጣት። እንግዳው በድንጋይ እንደተመታ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ሄደ።

ውሃው ግን አልሄደም። መጀመሪያ ጎዳናዎቹን፣ ቀጥሎ መስኮቶቹን ያዘ፤ ሕዝቡም ጣሪያ ላይ ወጣ። ታሙራ ከየአገሩ የመጣ ተረት የሚራገፍባት ወደብ ናትና ሽማግሌዎቿ የጥፋት ውሃን ታሪክ በብዙ ሕዝቦች አፍ ያውቁታል። ውሃው በምን እንደጎደለ ለማስታወስ እየተራረሙ መተረክ ጀመሩ። ሁሉም ግን ወፉ ዘንድ ሲደርሱ «ወፉም ተመለሰ» ይሉና ይደነግጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ከልባቸው ጠፍቷል።

ናሁላ በቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ላይ ቀርባ የሆነውን ሁሉ ለንግሥት ወለላይት ተናገረች። ንግሥቲቱ አዳምጣ ተነሣች።

«እንግዲህ እንግዳው ራሱ ያ ወፍ ነበር፤ በመንገዱ ላይ ሳለ ወደ ኋላ የጠራነው እኛ ነን። የታሙራ ፍቅር ገመድ ሆኖ ዓለምን ጎትቷታል። ገመዱን የሚያላላ ማን ነው?»

ናሁላ ዓይን አፋር ነበረች፤ ያም ሆኖ ወደ ፊት ወጥታ ማለች። «እንግዳውን ወደ መንገዱ ሳልመልስ ደረቅ መሬት ብረግጥ፣ ምድር እግሬን ትንሣኝ!»

«ደረቅ መሬት ቢኖር ኖሮ መሐላው ከባድ ነበር» አለ አያ ዶቅሌ የተባለው ሽማግሌ ጀልበኛ። ቀጥሎም መቅዘፊያውን አነሣ። ሰምራንም ሳይጠራ ዘሎ ጀልባው ውስጥ ገባ። እሱና ናሁላ እናትና አባት የላቸውም፤ ናሁላ ከዓለም ያላት እሱ ብቻ ነው። ቅር እያላት እንዲወርድ ብትለምነው፣ እሷ ዝም ባለች ቁጥር ከአያ ዶቅሌ ጋር የሚያወራ ሰው ያስፈልጋል ብሎ ተቀመጠ።

ሲቀዝፉ ነጉድ የሚባለው ዓይነ ስውር አውሬ ከሥራቸው አለፈ። ድምፅ ያሰማውን ጀልባ ሁሉ ይውጣልና መቅዘፊያቸውን አንሥተው ትንፋሻቸውን ዋጡ። ጀርባው እንደ ተራራ ሰንሰለት አላልቅ አለ።

ከዚያ ውሃውን የሸፈነው ጭጋግ ሳሳ፤ በውስጡም ጀልባዎች ታዩ። ከቄጠማ ተጎንጉኖ በቅጥራን የተለቀለቀ ክብ ጀልባ ነበር፤ ቀንድ ያለው ዓሣ የሚጎትተው መርከብ ነበር፤ ባልና ሚስት የተቀመጡበት ሣጥን፣ እኅትና ወንድም አንገታቸውን ያወጡበት ግዙፍ ቅል ነበር። ከየዘመኑና ከየአገሩ ውሃ ያመለጡ ሁሉ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። በተቦረቦረ ግንድ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ሴት ናሁላን አየቻት።

«መሬት ደርሰን ነበር እኮ» አለቻት። «በቆሎዬ ጉልበቴ ድረስ አድጎልኝ ነበር። አንድ ጠዋት ስነቃ እዚህ ነኝ። ማን ነው የጠራን?»

ናሁላ ዓይኗን ወደ ውሃው ጣለች። ሴትዮዋም አልቆጣችም፤ በአገጯ ወደ ውሃው እምብርት አሳየቻት።

እዚያ፣ አንድ ሰው ብቻ በሚያስቀምጥ አለት ላይ፣ እንግዳው ካባው ውሃ እያንጠባጠበ ተቀምጧል።

«ከሁሉም ጀልባ የወጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «አንዱ እርግብ ይለኛል፣ አንዱ ቁራ። ምድርን አጽንቶ የያዛት የእኔ አለመመለስ ነበር። አሁን ክንፌ ደከመ፤ ካባዬን ለብሶ ሌላ ይሂድልኝ።»

ናሁላ ካባውን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። የጠራው አፍ ሸኝቶ ዝም ማለት አለበት አላት፤ የሚሄደው ሌላ ነው። አያ ዶቅሌ ጉልበቴ እንደሆነ አልቋል ብሎ ካባውን ደረበ፤ ካባው ግን ክንፍ ሳይሆን ካባ ሆኖ ቀረ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ «ተመለስ» ከልብ የሚለው የለምና፣ እሱን በዝምታ መሸኘት ምንም አያስከፍልም፤ ካባው ደግሞ ዋጋ ይሻል። ሽማግሌው ይህን ሲረዳ አንገቱን ደፋ።

ሰምራን ካባውን ከሽማግሌው ትከሻ ላይ ቀስ ብሎ አንሥቶ ራሱ ደረበው።

«አውልቀው» አለችው ናሁላ።

«እታለም፣ ወፉ የት እንደሚደርስ የጠየቅሁት እኔ አይደለሁም?»

«አውልቀው ብዬሃለሁ፣ ወንድም ዓለም።»

«ዝም በይ እንጂ» አለ ፈገግ ብሎ። «ዕድሜሽን ሙሉ የተካንሽበት ነገር ነው።»

ካባው ላባ ሆነ። ወፉ ከጀልባው ተነሥቶ አንድ ጊዜ በላያቸው ዞረ፤ በታሙራ እንዳደገ ሰው ሁሉ ቃሉን ጠብቆ አንገቱን ወደ እኅቱ መለሰ። ቃሉ እስከ ጥርሷ ድረስ መጣ። ናሁላ መዳፏን ነክሳ ያዘችው፤ ደሟ በአገጯ ወረደ። ወፉ ጠበቀ። ከዚያ ፊቱን አዞረና ነጥብ እስኪሆን፣ ነጥቡም እስኪጠፋ ሄደ።

እንግዳው ራሱን በአለቱ ላይ አሳርፎ፣ ዓለም ከተፈጠረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኛ። ከጭጋጉ ውስጥ ባለ በቆሎዋ ሴት እግሬ ጭቃ ነካ ብላ ስትስቅ ተሰማ። ጀልባዎቹ አንድ በአንድ እንደ ሕልም ጠፉ።

ታሙራ ከጭቃው ወጥታ ቆየቻቸው። ንግሥት ወለላይት በነጋሪት ተቀበለቻቸው፤ ናሁላንም «የምድር መላሽ» ብላ ሰየመቻት። ሕዝቡ ሰምራን የት እንደቀረ ሲሰማ እንደ ለመደው ወደ ሰማይ አንጋጦ አፉን ከፈተ። ናሁላ በጨርቅ የታሰረ እጇን አነሣች። ያ ሁሉ ሕዝብ ቃሉን ዋጠው፤ የሚሰማው ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውሃ ብቻ ነበር።

ሲመሽ ከጀልባው የስንቁን ከረጢት አውርዳ ቤቷ ገባች። ሰምራን በገመድ አጥብቆ ቋጥሮት ነበር። አያ ዶቅሌ ቢላዋ ሲያቀብላት፣ የወንድሟ እጅ የቋጠረውን መቁረጥ ስላልወደደች አልተቀበለችም። በጥፍሯ፣ ሲያቅታትም በጥርሷ፣ ታግላ ፈታችው። ገመዱን በክርኗ ዙሪያ ጠቅልላ ጫፉን ወደ ውስጥ ወተፈችና መደቡ ላይ አስቀመጠችው።