መሬት ዝም የምትልባቸው ቀናት

የሺዋስ የመሬት ንዝረት መለኪያውን ገሳይ ገጠር ውስጥ፣ እኛ ጓሮ የቀበረው ሐምሌ ላይ ነው። ደብረ ታቦር ፊዚክስ ያስተምራል፤ ከከተማ ጫጫታ የራቀ ቦታ ፈልጎ ነበር የመጣው። እኔም ከቤሩት ከተመለስኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር።

ሌላውን ቀን ስለሚያስተምር የሚመጣው እሑድ እሑድ ብቻ ነው። መረጃውን ወደ ላፕቶፑ ገልብጦ መሄድ ሲችል ይቀመጣል።

«ይኼ ልጅ የሚያዳምጠው መሬቷን ነው አንቺን?» ይሉኛል አባቴ።

አንድ እሑድ የተርገበገበ መስመር አሳየኝ።

«ይኼ ከእስያ ማዶ፣ ከባሕር ሥር የተነሣ መንቀጥቀጥ ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ በእግርሽ ሥር አልፏል።»

ማክሰኞ ረፋድ ድንች እየላጥኩ ነበር። ዓለምን ያቋረጠ ነገር ከሥሬ ሲያልፍ ቢላዬ እንኳ ንቅንቅ አላለም። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ቀና ስል የሺዋስ መስመሩን ትቶ እኔን ያያል። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ፊቱ በርቶ መጣ።

«ስርጉት፣ አገኘሁ። ከኅዳር ወዲህ እዚሁ አካባቢ አዲስ ንዝረት አለ። ጠዋት ይጀምራል፣ ሲመሽ ያቆማል። ውጭ አገር የዶክትሬት ዕድል ወጥቷል፤ በዚህ ላይ ጽፌ ዓርብ እልካለሁ።»

«ስንት ዓመት ነው?»

«አራት።»

መከፋቴን እንዳያውቅብኝ ወሬ ፈለግሁ።

«በየቀኑ ነው የሚነዝረው?»

«አንዳንድ ቀን ጸጥ ይላል፤ ምክንያቱ አልገባኝም። ኖቬምበር ሃያ አንድ፣ ዲሴምበር ስድስት፣ ዲሴምበር ዐሥራ ሁለት...»

መሣሪያው የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። እኔ ደግሞ ቤሩት ሳለሁ በዓል እንዳያመልጠኝ የፈረንጁን ቀን ወደኛው ስመልስ ነው የኖርኩት። በጣቴ ቆጠርኩ።

«ኅዳር ሚካኤል። መድኃኔ ዓለም። በዓታ።»

«ምን?»

«በዓል ነው፤ እህል አይበራይም። እሑድንም ጨምርበት። ንዝረትህ ከአጥሩ ጀርባ ያሉት የአባቴ በሬዎች ናቸው።»

እሑድ ብቻ የሚመጣ የከተማ ልጅ፣ በሬዎቹ አውድማ ላይ ሲዞሩ አይቶ አያውቅም። ፊቱ ጠቆረ።

«እንዳልሄድ ፈልገሽ ነው።»

እውነት አለበታ።

«አዎ፣ እንድትቀር እፈልጋለሁ» አልኩት። «አፍረህ እንድትቀር ግን አልፈልግም።»

ሳይሰናበተኝ ሄደ። ሰኞን እንዴት እንዳሳለፍኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

ማክሰኞ ጠዋት ክፍለ ጊዜውን ለባልደረባው ሰጥቶ መጣ። ላፕቶፑን ከመለኪያው ጋር አገናኝቶ ከጓሮው ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ። በሬዎቹ ዞሩ፣ መስመሩ ዘለለ። አባቴ ገለባውን ሊያገላብጡ በሬዎቹን አቆሙ፣ መስመሩ ተኛ። እንደገና ነዷቸው፣ እንደገና ዘለለ። የሺዋስ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ሰው በዓሉን ሲያከብር እዚህ ላይ ተጽፎ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ማንበብ ያቃተኝ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

እኔም በእሺታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ፕሮፖዛሉን አፍርሶ እንደገና ጻፈ፤ የሰውና የከብት ኮቴ ከመሬት ከራሷ ንዝረት እንዴት እንደሚለይ። ዓርብ ላከው።

ጥር ላይ በኢንተርኔት ቃለ መጠይቅ አደረጉለት። እኔንም ደብረ ታቦር፣ ቢሮው ወሰደኝና ካሜራው በማያየኝ በኩል ተቀመጥኩ። ፕሮፌሰሯ የበዓላቱን ነገር ማን እንዳስተዋለው ጠየቀችው። ቤሩት የለቀምኩት እንግሊዝኛ ለዚህ አያንስም።

«ስርጉት ትባላለች» አላት። «ሚስቴ የምትሆነው።»

ፕሮፌሰሯ ሳቀች፤ በመስከረም እንጠብቅሃለን ብላው ተሰናበተች። ስክሪኑ ሲጠፋ የሺዋስ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ሳልጠይቅሽ...»

«አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ሳትልክ ለፈረንጅ ነገርክ?»

«አመለጠኝ። ግን ውሸት አይደለም።» ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «አራት ዓመት ትጠብቂኛለሽ?»

ሄጄ የተመለስኩ ሰው ነኝ። አራት ዓመት እንደሚያልቅ አውቃለሁ፤ ቀላል እንዳልሆነም አውቃለሁ።

«ቀለበት አስረህ ሂድ» አልኩት።