ይጠብቃል ወይ?

ሆሴዕ ሰብሌን ያገኛት ቶርኖ ሊገዛ ሄዶ ነው።

አያቷ አቶ ሰይፈሥላሴ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሆሳዕና በሚገኘው ቤታቸው ጓሮ፣ በዚያች ትንሽ አሮጌ ማሽን ለደስታቸው ብረት ሲጠርቡ ይውሉ ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ማሽኗ ለሽያጭ ወጣች። ጥቁር የለበሰች ልጅ ሸራውን ገልጣ አሳየችው።

«ይሠራል?» አላት።

«ይንቀጠቀጣል። አባባ ግን እጄ ነው እንጂ እሱስ ደህና ነው ይሉ ነበር።»

ሆሴዕ ሳቀ። እሷም ልትስቅ ስትል ሐዘን ላይ መሆኗ ትዝ አላትና ከንፈሯን ነከሰች። ማሽኗን ገዝቶ፣ ያችን ሳትወጣ የቀረች ሳቅም ልቡ ውስጥ ይዞ ሄደ።

ቶርኖ ቤት ከፍቶ ሊያገባት አሰበ። ማሽኑ ግን ወፈር ያለ ብረት በነካ ቁጥር ይርገፈገፋል፤ የሚወጣው ሥራ ሸካራ ነው። የእንጨት ጠረጴዛውን ጥሎ ከሥሩ ኮንክሪት አፈሰሰለት፤ በዕድሜ የላላውን ሁሉ አንድ በአንድ አሰረው። ሰብሌ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ቆማ «ጠበቀ?» ትለዋለች። መምጣት ካልቻለች አጠገቡ በር ለሚበይደው ለፍሬው በስልክ ትጽፋለች፤ የሆሴዕ እጅ ሁሌም ግሪስ ነውና።

አንድ ቀን ስለ አያቷ ተዝካር ስታወራ፣ «እናንተ ደግሞ አንድን ሰው ስንቴ ነው የምትቀብሩት?» አላት። የእሱ ቤተሰቦች ጴንጤ ናቸው፤ ተዝካር አያውቁም። ሳቀችለት፤ ግን ወዲያው ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

ሽማግሌ ላከ። ቀጠሮው ለእሑድ ነበር፤ አባቷ አቶ ኃይለኢየሱስ ግን ወደ ዱራሜ መንገድ ስለነበራቸው ሽማግሌዎቹን ቅዳሜ ጠሩ። ሆሴዕ ይህን አልሰማም። አባቷ የሃይማኖቱ ነገር ቢከብዳቸውም አልጨከኑም። የአባታቸው ሙት ዓመት ሳይወጣ በቤታቸው ሠርግ አይኖርም፤ ልጁ እስከዚያ ይጠብቃል ወይ? ሲሉ ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ እሱን ሳንጠይቅ አንመልስም አሉ። ሰብሌ ደወለች፤ ሆሴዕ አያነሳም። ለፍሬው ጻፈች፤ «ይጠብቃል ወይ? ቶሎ መልስልኝ።»

ሲጻፍ የሚታገሠው ሰውም፣ የሚጠነክረው ብሎንም ያው «ይጠብቃል» ነው።

ፍሬው እንደ ወትሮው ስለ ቶርኖው የጠየቀች መሰለው። «ሰብሌ ናት፤ ይጠብቃል ወይ ትላለች» አለ።

ሆሴዕ ተንበርክኮ ከብሎን ጋር ይታገል ነበር። «በፍጹም አይጠብቅም በላት» አለ ምርር ብሎት። «ተስፋ ቆርጧል በላት።»

ፍሬው ያለውን እንዳለ ጻፈ።

አቶ ኃይለኢየሱስ የልጃቸውን ፊት አይተው ስልኩን ተቀበሏት፤ ለሽማግሌዎቹም ቀስ ብለው አነበቡላቸው። «የአባቴን ዓመት የማይጠብቅ፣ ልጄን አይጠብቅልኝም» ብለው ተነሡ።

ሆሴዕ የተባለውን ከሽማግሌዎቹ ሲሰማ ስህተቱ ገባው፤ ሰኞ ፍሬውን አስከትሎ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ፍሬው የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«ደግመሽ ብትደውዪ ምን ነበር?» አላት ሆሴዕ።

ሰብሌ አባቷን ማስረዳት እንደማያቅታት፣ ቢቆጡም እንደሚመለሱ ነገረችው።

«ታዲያ?»

«መልሱን ሳነብ አልደነገጥኩም፣ ሆሴዕ። እሱ ነው፣ እንዲህማ ይላል አልኩ። በሟቻችን ስትቀልድ ሰምቼህ የለ።»

«ቀልድ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። እኔም ስቄያለሁ።» ሻርፗን አስተካከለች። «አሁን አምንሃለሁ። ግን ስላንተ ክፉ ለማመን አንዲት መስመር በቃችኝ። እንዲህ ሆኜ እንዴት ላግባህ?»

ይቅር እንድትለው ለመናት።

«ምን አድርገህ?» አለችው፤ ገባች።

በክረምቱ ሰብሌ አንጋጫ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ተዛወረች። ሙት ዓመቱ ሲወጣ ሆሴዕ ወደ ተዝካሩ ሳይጠራ ሄደ። ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ የእምነቱ ሰዎች የማይቀምሱትን የተዝካር ምግብ በላ። ሰብሌ ጥቁሯን አውልቃ ነጭ ለብሳ በአጠገቡ ስታልፍ ቀና አላለም።

አቶ ኃይለኢየሱስ አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ለእንግዳው ጨምሩለት» አሉ።