ትኩስ የሚፈልጉ ደንበኞች

የሆነውን ብቻ ነው የምጽፈው። ጨምሬ የማወራ ሰው አይደለሁም። መንደራችን ውስጥ የቀሩት ጥቂት ሰዎች ይመሰክሩልኛል።

ሰዓቱ ሁሌም አንድ ነው፤ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት። የመንደሩ ድምፅ ማጉያ የማምሻውን ዜማ ያሰማል። ዜማው ያልቃል።

ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው...

ስሜ ቶኩዞ ነው። የምኖረው በሰሜን ጃፓን፣ ከባሕሩ ጥግ፣ በዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። የመረብ ሱቅ ነበረኝ። ዘግቼዋለሁ።

ባለፈው ጥር ከመንደራችን የወጣች አንዲት ጀልባ ከነሰዎቿ አልተመለሰችም። ሬሳም አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ሺኖ የደጃችንን ጨለማ ጠላች።

«የሚበራ ነገር ይኑር» አለች።

ሳንቲም ጎርሶ መጠጥ የሚያወጣ ማሽን ለማስተከል ስልክ ደወልኩ። የድርጅቱ ሰው መጥቶ ደጁን ለካ፤ የመብራት መስመሩን አየ። በሌላ ቀን ማሽኑን በመኪና አምጥተው ሲሚንቶው ላይ በብሎን አሰሩት።

መሙላቱም፣ መጠገኑም የእነሱ ነው። መብራቱ የእኔ። ከሽያጩ ትንሽ ይደርሰኛል።

ቁልፉ እነሱ ጋ ነው።

ማሽኑን የሚሞላው ኩራሞቺ የሚባል ወሬኛ ሰው ነው። መጀመሪያ የመጣ ቀን በሩን ከፍቶ አሳየኝ።

«ጋሼ ቶኩዞ፣ ውስጡ ሰው ተቀምጦ የሚያቀብል መስሎዎት ነበር?»

«አልመሰለኝም።»

«ተዉ እንጂ፣ ጎንበስ ብለው ሲያዩ አይቼዎታለሁ።»

ጣሳዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተኝተዋል። ገዢው የመረጠውን መጠጥ ቁልፍ ሲጫን የታችኛው ይለቀቅና ይወድቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። አንዱ ጎን ቀዝቃዛ፣ በሰማያዊ መብራት፤ ሌላው ትኩስ፣ በቀይ።

«ሙቀቱ ከየት ይመጣል?» አልኩት።

«ከቀዝቃዛው ጎን ተወስዶ ነዋ። ያኛው ሲቀዘቅዝ ይኼኛው ይሞቃል።»

በሩን ቆልፎ ሄደ።

ትኩሱ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። የብርድ ወራት ነው፣ ምንም አይደንቅም አልኩ።

ግን እኔ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ነኝ። የሰው መረብ እጠግናለሁ። መንገዱ ከዓይኔ አይጠፋም።

ዜማው ያልቃል። ጣሳ ሲወድቅ ይሰማኛል። ዷ...

ቀና እላለሁ። ማንም የለም።

ኩራሞቺ በሚቀጥለው ሲመጣ መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ። ሳንቲሞቹ ውኃ ይንጠባጠብባቸዋል። አሸዋ አለባቸው።

«ጋሼ፣ ዘንድሮ ገንዘብ የሚጠመደው በመረብ ሆነ እንዴ?»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

«ደግሞ ያለቀው ትኩሱ ብቻ ነው» አለ። «ቀዝቃዛውን የነካው የለም።»

ማታ ለሺኖ ነገርኳት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እነሱ ናቸው።»

«እነማን?»

«የጀልባዋ ልጆች። በርዷቸዋል። ዝም በል፣ ይጠጡ።»

ዝም አልኩ። ማንንም አልነኩም። ጠጥተው ይሄዳሉ።

ግንቦት ገባ።

ኩራሞቺ መጥቶ ትኩሱን በሙሉ አወጣ። አየሩ ሲሞቅ በየቦታው ያለ ማሽን ሁሉ ወደ ቀዝቃዛ ይቀየራል። ደንብ ነው።

«አንድ ረድፍ ትኩስ ተውልኝ» አልኩት።

«በዚህ ሙቀት? ማን ሊጠጣው?»

ያወጣቸውን ጣሳዎች መኪናው ላይ ጫነ።

«ከላይ ነው የሚታዘዘው፣ ጋሼ። እኔ ሞላ ሲሉኝ እሞላለሁ፣ አውጣ ሲሉኝ አወጣለሁ።»

ቢሮ ደወልኩ። አንዲት ልጅ በትሕትና ይቅርታ ጠየቀችኝ። ደግማ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ስልኩን ዘጋሁት።

የዚያን ዕለት ዜማው አለቀ። ጣሳ ወደቀ። ሌላም ወደቀ...

ስወጣ ጣሳዎቹ ማሽኑ ሥር በሥርዓት ተደርድረዋል። ቀዝቃዛ ናቸው። አልተከፈቱም።

በማግስቱ የቤታችን በር ተንኳኳ።

ፀሐይ ገና አልገባችም። በመስኮት አየሁ። መንገዱ ባዶ ነው። ደፉ ግን ርሷል።

«አንተ ሰውዬ፣ ክፈት እንጂ» አለች ሺኖ።

«ማንም የለም።»

«ተሰልፈው ቆመዋል። አታፍርም?»

ክንዷን ያዝኩ። አስለቀቀችኝና ከፈተች።

ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘረጋች። የሌላ ሰው እጅ በመዳፎቿ መካከል እንደያዘች ሁሉ አየሩን ጨበጠች። ማሸት ጀመረች።

«አይዞህ...» አለች በሹክሹክታ። «አይዞህ፣ ልጄ...»

ቆየችና ለቀቀች። እንደገና ዘረጋች።

«አንተስ... ና፣ ቅረብ።»

ስትገባ እጆቿ በረዶ ሆነዋል። በሙቅ ውኃ ነከርኳቸው። ውኃው ቀዘቀዘ። እጆቿ አልሞቁም።

ሐኪሙ «የደም ዝውውር ነው፣ ዕድሜም አለ» አለ።

በሩን በምስማር መታሁት። ጠዋት ምስማሮቹ ተነቅለው ወለሉ ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው።

ማሽኑን አንሱልኝ ብዬ ደወልኩ። መኪና ሲገኝ እንመጣለን አሉ። የመብራት መሰኪያውን ነቀልኩ። ማሽኑ ጨለመ።

ከዚያ ወዲህ የሚያንኳኳ የለም።

አሁን የምትወጣው ሺኖ ናት።

ዜማው ሲያልቅ ጫማዋን ታደርጋለች። መጀመሪያ ቀን የቆመችው ታች፣ ውኃው አጠገብ ነበር። ብቻዋን። ፊቷን ወደ ማሽኑ አዙራ፣ እጆቿን አጣጥፋ፣ ባንክ ቤት ሰልፍ እንደያዘ ሰው።

ከፊቷ ማንም የለም። ግን ቦታ ትታለች።

ማሽኑ ውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ። ዷ...

ሺኖ አንድ እርምጃ ተጠጋች።

ክንዷን ይዤ ጎተትኩ። ጉልበቴ አልቻላትም። ብርዱ በልብሷ አልፎ ተሰማኝ።

«ቤት እንግባ» አልኳት። «ሻይ አፍልቻለሁ።»

«ለፊተኞቹ ስጥ።»

«ሺኖ...»

«ተራዬን አታሳጣኝ» አለችኝ። ዘወር ብላ አላየችኝም።

ሲጨልም ትገባለች። በማግስቱ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ሰው ጠራሁ፣ ጎረቤት መጣ፣ ሁላችንም ጎተትን፤ አልቻልናትም። ዝም ብሎ ማየት ብቻ ነው የቀረኝ።

ዛሬም ወጣች። አጠገቧ ቆምኩ።

ከፊቷ የቀረው የአንድ ሰው ቦታ ነው።

ማሽኑ ላይ በትኩሱ ረድፍ አንዲት ቀይ መብራት በራች።

የተነቀለው መሰኪያ እጄ ውስጥ ነበር።