ከመረጃው ሥር ያለው ድምፅ

የውባለም እንጀራ የሞቱ ካሴቶችን ማስነሳት ነው። ጎረቤቶቿ ከሰው ይልቅ ከማሽን ጋር ታወራለች እያሉ ያሟታል፤ እሷም አትክድም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያዋን ሲደበድብ፣ አቶ ደምሰው በዘንቢል አጭቀው ያመጡላትን የቆዳ መጋዘናቸውን ካሴቶች አንድ በአንድ ታጸዳ ነበር። መጋዘኑ ይሠራ በነበረበት ዘመን ትንሿ የሒሳብ ኮምፒውተራቸው መረጃዋን የምታስቀምጠው በተራ የዘፈን ካሴት ላይ ነበር። የጨውና የጥሬ ቆዳ ሽታው ካሴቶቹን እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። ሽማግሌው መጋዘኑ የእሳቸው መሆኑን ለፍርድ ቤት የሚያስረዱት በነዚህ ብቻ ነው።

አንዱን ካሴት አሮጌው ቴፕ ውስጥ ከታ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። መረጃው እንደ ፌንጣ ሲንጫጫ ኮምፒውተሯ ጩኸቱን ወደ ቁጥር ይመልሰዋል። ከጫጫታው ሥር ሌላ ነገር የሰማች መሰላት። ጫጫታውን እየቀነሰች፣ እያጣራች ስትሄድ ለቅሶ ሆነ።

ብዙም አልገረማት። ድሮ ለቀብር ያልደረሰ ዘመድ እንዲሰማው ለቅሶ በካሴት ይቀዳ ነበር፤ ሲቆይ ደግሞ በላዩ እንዳይቀዳ የሚከለክለው የካሴቱ ቀዳዳ በፕላስተር ይሸፈንና ሌላ ነገር ይቀዳበታል። ብቻ ለማረጋገጥ ደወለች።

«ጋሼ፣ ይሄ ካሴት መጀመሪያ ለቅሶ የተቀዳበት ነው እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም ልጄ! እሽጉን የፈታሁት እኔው ነኝ። አዲስ ነበር» አሉ አቶ ደምሰው።

መልሳ አጠነጠነችው። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል፤ አንዲት ሴት የሆነ ነገር ትንሾካሾካለች፤ ብርጭቆ ይሰበራል። ከዚያ ሴትዮዋ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ትጮኻለች። «ሱራፌሌ! ሳልስምህ ወጣህ!»

ውባለም ማዳመጫውን ወርውራ ተነሳች። ሱራፌል አንድያ ልጇ ነው፤ ንጋት ላይ እሷ ተኝታ ሳለ አይሱዙውን ጭኖ ወደ ጅማ ወጥቷል። ስልኳን አንስታ ደወለችለት።

«አለሁ እማዬ፣ የጊቤን ቁልቁለት ልጀምር ነው። ምነው?»

«ምንም። ቀስ ብለህ ንዳ፣ እሺ?»

«ደሞ ጀመረሽ!» ብሎ ሳቀባት።

ሳቁ አላረጋጋትም። ቴፑ ቆሞ እንኳ ያ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ የቀረ መሰላት፤ የጥሬ ቆዳው ሽታ እየከበደ አፍንጫዋን ዘጋው፤ ያልነካችው ሻይ አጠገቧ ቀዘቀዘ። ያ ለቅሶ ካሴቱ ላይ እያለ ልጇ በደህና እንደማይመለስ አመነች። የደምሰው መጋዘን ገደል ይግባ! ፕላስተር ቆርጣ የካሴቱን ቀዳዳ ሸፈነች፤ ወደ መጀመሪያው መልሳ የቴፑን መቅጃ ተጫነች። ቀይዋ መብራት በራች። በለቅሶው ላይ ዝምታ እንዲቀዳበት ትንፋሿን ውጣ ተቀመጠች። ከጣሪያው ዝናብ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። የሱራፌል ቁጥር ነው።

«የስልኩ ባለቤት ምንዎት ነው?» አለ የማታውቀው ሰው።

«ልጄ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«መኪናው ገደል ገብቷል፣ እናቴ» አለ ሰውየው። ከበስተኋላው ሰዎች ገመድ አምጡ እያሉ ይጯጯሃሉ። ክንዷ የሻዩን ብርጭቆ መታው፤ ብርጭቆው ወለሉ ላይ ተከሰከሰ።

«ሱራፌሌ! ሳልስምህ ወጣህ!»

የገዛ ጩኸቷ ለጆሮዋ አዲስ አልነበረም፤ ቀይዋ መብራት አሁንም እንደበራች ነበር።