«አሁንስ?»

ጡረተኛው ከገዛ ቤታቸው ጣራ ወድቀው፣ የአንቴናውን ዘንግ እንዳቀፉ ግቢው ውስጥ ሞተው ተገኙ።

የመርማሪዋ አለቃ አንቴና ሠራተኛውን አስሮ መዝገቡን ሊዘጋ ቸኩሏል፤ ሰውየው ዋዜማውን ከሟች ጋር ተጣልቶ «ራስዎ ወጥተው ይጨርሱት፤ ሲወድቁ እናያለን» ብሎ ሥራውን በጅምር ጥሎ ሄዷልና። እሷ ግን ጣራና ሳሎን ስትመላለስ አርፍዳ ጉልበቷ ዝሏል፣ ትዕግሥቷም አልቋል። የጠየቀችው ሁሉ አላየሁም፣ አልሰማሁም ባይ ነው። የሟች ሚስት ክሊኒክ ነበሩ። ሟች «ከቤቴ ውጣልኝ» ያሉት ታናሽ ወንድማቸው ተኝቼ ነበር ይላል። የጓሮዋ ተከራይ ልብስ ሰፊ ደግሞ ከስፌት መኪናዋ አልተነሣችም።

«እንዲያው ምንም አልሰማሽም?» አለቻት ለሦስተኛ ጊዜ።

«ጋሼ ስልክ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። ‹አሁንስ? አሁንስ?› ይላሉ ደጋግመው። ወዲያ ማዶ ያለው ደንቆሮ ነው እንዴ ብዬ ሳቅሁባቸው፣ አፈር ልብላና።»

መርማሪዋ ቀና አለች። የራሷ ባል ጣራ ላይ ሆኖ «አሁንስ?» ሲል፣ እሷ ከቴሌቪዥኑ ፊት «ኧረ ጭራሽ ጠፋ» ስትል ስንት ቅዳሜ ተኳርፈዋል። አንቴና የሚያዞር ሰው ከታች ዓይን የሚሆነው ይፈልጋል።

ሳሎን ገብታ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ጎንበስ ብላ ቆየች። ከዚያ ሁሉንም አስጠራች፤ ሠራተኛውም በካቴና መጣ።

«ጣራው አቧራ ነው» አለች። «የጋሼ ዱካ ጣቱ ወደ መሃል፣ ተረከዙ ወደ ጠርዙ ነው። ሰው ዘንግ ተሸክሞ የኋሊት የሚሄደው የሚመራው ሲኖር ነው። እትዬ ክሊኒክ ከነርሷ ጋር ነበሩ። የስፌት መኪናው እንዳላቋረጠ ጎረቤት ሰምቷል። ይኼ ሠራተኛ ቢመጣ ኖሮ ደግሞ ጋሼ ራሳቸው ምን ሊያደርጉ ይወጣሉ?»

ወንድምየው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው የዋሸሁት። ምስሉ እየጠራ ሲመጣልኝ ‹ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ› አልኩት። ጠርዙን ከየት ልየው? ወንድሜን በስህተት ገደልኩት።»

ሚስትየው ሊያጽናኑት እጃቸውን ወደ ትከሻው ሰደዱ።

መርማሪዋ የኬብሉን ጫፍ ስባ ለሠራተኛው አሳየችው። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ክዳኑ ነዋ። አዲስ ኬብል ስዘረጋ ጫፉ እንዳይቆሽሽ የማለብሰው። ሊሰካ ሲል ይወልቃል...»

«አልወለቀም። ኬብሉ ቴሌቪዥኑን ነክቶት አያውቅም።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «እንግዲህ ንገረኝ የኔ ወንድም፣ የትኛው ምስል ነው እየጠራ የመጣልህ?»

የሚስትየው እጅ አየር ላይ ቀረ። ካቴናው ከሠራተኛው እጅ ወልቆ ወደ ወንድምየው እጅ ዞረ።

ሁሉም ሲወጡ ሚስትየው የመርማሪዋን ክንድ ያዙ።

«ልጄ፣ ምስሉ ጠፋ እያልኩ የነዘነዝኩት እኔ ነኝ። እሱ ግን ሲወድቅ... ምስሉ መጣልን ብሎ ነው?»

መርማሪዋ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። ጥቁሩ ስክሪን ላይ «ሲግናል የለም» የሚለው ጽሑፍ ከዳር ዳር ይንሳፈፋል።