ስድስተኛው ዝግጅት

እኔ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የእድር ጥሩምባ ነፊ ሆኜ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ሰው ሲሞት ከቤተሰቡ ቀጥሎ የምሰማው እኔ ነኝ፣ ገና ሳይነጋ ጥሩምባዬን ይዤ በየመንደሩ ስዞር አንድም ቀን መንፈስ አላየሁም፣ የማላውቀው ድምፅ አልጠራኝም፣ "ጋሽ ተፈራ፣ በጨለማ ብቻዎን ሲዞሩ አይፈሩም?" ለሚሉኝ ሁሉ "የምፈራው ውሻ ብቻ ነው" ነበር መልሴ። እና አሁን የማወራችሁን ስትሰሙ "ሽማግሌው ጃጀ" እንዳትሉኝ፣ እመኑኝ፣ እኔም ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው ኖሮ ስቄ ነበር የማልፈው።

ሰፈራችን ከልደታ ወደ አብነት በሚወስደው በኩል፣ ገና ካልፈረሱት የድሮ መንደሮች አንዱ ነው። ዘንድሮ የመስከረም በዓላት ደርሰው ሰፈሩ ጉድ ጉድ ሲል፣ አንድ የበዓል ኮሚቴ ተቋቋመና ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ገነት ሆነች፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፣ እስካሁንም ሁላችንንም እንደ ተማሪ ነው የምታዘን። የወሩን ዝግጅቶች በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋ አመጣችልኝ፦ የሰፈር ጽዳት፣ ለአዛውንቶች የምሳ ግብዣ፣ ባዛር፣ የባህል ሙዚቃና ውዝዋዜ፣ በመጨረሻም የሰፈራችን ደመራ። አምስት ናቸው፣ ቁጥሩን ልብ በሉልኝ።

ውዝዋዜው ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ነበር፣ በሜዳው ላይ። ከሚወዛወዙት አንዷ ልጄ ማህሌት ናት፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ እኔና ባለቤቴ ወይንሸት ተስፋ ቆርጠን ከተቀመጥን በኋላ የመጣች፣ ያለችን እሷ ብቻ ናት። አንድ ወር ሙሉ እቤት ውስጥ ትከሻዋን እያንቀጠቀጠች ሳህን ስታስጥለን ነው የከረመችው፣ እኔም እየተቆጣሁ በልቤ እኮራ ነበር።

አርብ ከሰዓት በኋላ ወጥቼ ልለፍፍ ስል የኮሚቴው ድምፅ ማጉያ አልሠራ አለ። ቢመቱት፣ ባትሪ ቢቀይሩለት፣ ዝም።

"ጋሽ ተፈራ፣ ጥሩምባዎ እያለ ምን ያስጨንቀናል?" አለች ገነት።

"ጥሩምባው የሞት ነው እኮ፣ ለሌላ ነገር ነፍቼው አላውቅም" አልኳት።

"እና ምን አለበት? ቆርቆሮ ምን ያውቃል?"

እውነቷን ነው ብዬ ሳቅሁ። ሌላ ጥሩምባ ነፊ ቢሆን እምቢ ይል ነበር፣ ከእኔ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ጥሩምባውን ልጅ እንኳ እንዲነካው አይፈቅዱም ነበር፣ እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር የማላምን ጎበዝ ነኝ ብዬ ይዤው ወጣሁ። ለሞት ሦስት ጊዜ አስረዝሜ ነው የምነፋው፣ ስለዚህ ሰው እንዳይደነግጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አጠር አድርጌ ልነፋ ወሰንኩ።

የመጀመሪያው መንደር ላይ ሰዉ እየሮጠ ወጣ፣ ወረቀቱን ሳነብ ጊዜ ግን ስድብና ሳቅ ሆነ፣ "አንተ ሰውዬ፣ በድንጋጤ ልትገድለን ነው እንዴ!" አሉኝ፣ እኔም ቀልጄ አለፍኩ። ሁለተኛው መንደር ስደርስ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር፣ ፀሐይዋ ገና አልገባችም። አጠር አድርጌ ነፋሁ፣ ከአንድ እስከ አምስት አነበብኩ፣ ደመራው ላይ ስደርስ ጨረስኩና ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ጉዞዬን ቀጠልኩ።

ከኋላዬ የአንድ ልብስ ሰፊ ሬዲዮ ዘፈን መሀል ላይ ቀጥ አለ። ምንም አልመሰለኝም። ትንሽ እልፍ እንዳልኩ ከአንድ ቤት ይሰማ የነበረ ቴሌቪዥን ጠፋ፣ ቀጥሎ ሌላ ሬዲዮ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ እኔ በተራመድኩ ቁጥር ካለፍኩት ቤት ሁሉ ድምፅ እየተቆረጠ ይቀራል። መብራት ሄዶ ነው ብዬ ቀና ስል የሱቁ አምፖል ቦግ ብሎ በርቷል። ዞር አልኩ።

ሰዎቹ በየደጃፋቸው ቆመዋል። አይስቁም፣ አይሳደቡም፣ እኔን ነው የሚያዩት። አንድ ጎረምሳ ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞታል። እትዬ አስካለ፣ ከሰል የሚሸጡት ጎረቤታችን፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ቀስ እያሉ መጡና ክንዴን ያዙኝ።

"ተፈራ፣ ወይንሸት ሰማች?" አሉኝ።

"ምኑን?"

አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ተመለሱና በራቸውን ዘጉ። ልብስ ሰፊው የራሱን ወንበር ይዞልኝ መጥቶ "ትንሽ ይቀመጡ ጋሼ" አለኝ፣ ምን ሆናችሁ ስለው አንገቱን ደፋ።

እንግዲህ ይህን ፊት ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። በእኛ አገር መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፣ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎች ቤት ድረስ ሄደው ነው የሚያረዱት፣ እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ ሰምቶ ባለቤቱ ብቻ ያልሰማበት ሰዓት አለ፣ በዚያ ሰዓት ሰዉ ባለቤቱን የሚያይበት ዓይን አለ። ስንቱን ሰው በዚያ ዓይን አይቼዋለሁ። ያን ቀን እኔ ታየሁበት። በስልሳ ሁለት ዓመቴ ጥሩምባዬን ታቅፌ እየሮጥኩ ቤቴ ደረስኩ።

ወይንሸት ምስር ትለቅማለች። ማህሌት መስተዋት ፊት ቆማ የነገውን ቀሚሷን ትለካለች።

"አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ ያላበህ?" አለችኝ።

ሄጄ አቀፍኳት፣ ግራ ገብቷት ሳቀች። የእኔን ጥሩምባ ሰምተው ተደናግረው ነው እንጂ ምንም የለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፣ ለእነሱም አንድም ነገር አልነገርኳቸውም።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ወይንሸት ቀድማኝ ከፈተች፣ ወዲያው ጩኸቷን አቀለጠችው። ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃፍ ላይ ቆመዋል፣ ከፊት የእድራችን ዳኛ አቶ ምትኩ፣ እንዲህ ሆነው በዚያ ሰዓት ሲመጡ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ማህሌት በጩኸቱ ነቅታ በሌሊት ልብሷ ከመኝታ ቤት ወጣች፣ "ምንድነው? ማን ሞተ?" አለች።

አቶ ምትኩ ሲያዩዋት ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ። አማተቡ። ከዚያ እኔን በክንዴ ጎትተው ወደ ግቢው አወጡኝ።

"ተፈራ፣ ምን በድለንህ ነው እንዲህ የቀለድክብን?"

"ምን አደረግኩ ጋሼ? ምን እንዳልኩ ይንገሩኝ።"

"አንድ ሰው ብቻ ቢሆን የሰማህ፣ ጆሮው ነው የሳተው እል ነበር፣ መንደሩ በሙሉ ነው የሰማህ። እስከ አምስት አነበብክ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ አስረዝመህ ነፋህ፣ 'ስድስተኛ፣ የልጄ የማህሌት ቀብር፣ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት፣ ልደታ' አልክ። እንባ እንኳ ጠብ አላለህም። እናቷ አልሰማችም ሲሉን ልናረዳት መጣን፣ አንተን ደግሞ ምን ዓይነት ጠንካራ ሰው ነው እያልን ስናለቅስ ነው ያደርነው።"

በሰማይ በምድር እምላለሁ፣ ከአምስተኛው በኋላ ያን ጥሩምባ አፌ አላስጠጋሁትም፣ ስድስተኛ የሚል ቃል አልወጣኝም፣ ወረቀቱም ይኸው አለ፣ አምስት ነው የሚለው።

ያን ቀን ማህሌትን ከቤት አላወጣናትም። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። አለቀሰች፣ ለመነች፣ በመጨረሻ ተቆጣች፣ "እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ ውሸት ነው እያልክ ያሳደግከኝ አንተ አይደለህም እንዴ!" አለችኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከሜዳው ከበሮው ተሰማ፣ እሷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በእግሯ ምቱን ትከተል ነበር፣ እኔና ወይንሸት ዓይናችንን ከእሷ አላነሳንም። ዘጠኝ ተኩል ሆነ፣ አስር ሆነ፣ ምንም የለም። ወይንሸት መሬት ሳመች፣ እኔም እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ጥሩምባውን በዚያው ቀን ለእድሩ መለስኩ።

በማግስቱ አቶ ምትኩ ሊጠይቁን መጡ። ተጫወትን፣ ተሳሳቅን፣ ሲሄዱ ልሸኛቸው ብዬ በሩ ላይ ደርሰን ቆም አሉ።

"ተፈራ፣ ሞት ስትለፍፍ ቀኑን እንዴት ነው የምትለው?"

"ዛሬ ወይ ነገ ነዋ ጋሼ፣ ቀብር መች ይቀጠራል!"

"እኔም እሱን ሳስብ ነበር። አርብ ማታ ነው የለፈፍከው፣ ግን 'ነገ' አላልክም። 'ቅዳሜ' ነው ያልከው።"

ሊያስፈራሩኝ ብለው አይደለም፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ያሰቡትን ነው የተናገሩት። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ ቅዳሜ በየሳምንቱ ይመጣል።

ስድስት ቅዳሜ ዘግቼባታለሁ። ልጅቷ ከሳች፣ ከእኔ ጋር መነጋገር አቆመች፣ የውዝዋዜ ቡድኑ ሌላ ሰው ሊተካባት ነው። ዛሬ ሰባተኛው ነው፣ በዘጠኝ ሰዓት ጠመንጃ ያዥ አካባቢ የሆነ ዝግጅት ላይ እንዲወዛወዙ ተጠርተዋል። ምሳ ከበላን በኋላ ጫማዋን አድርጋ ፊቴ ቆመችና "አባዬ፣ እስክሞት ድረስ ልትዘጋብኝ ነው?" አለችኝ። ወይንሸትን አየሁ፣ ወይንሸት መሬት መሬት ታያለች። ከኪሴ ቁልፉን አውጥቼ ሰጠኋት። ጉንጬን ስማኝ እየሮጠች ወጣች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የሳመችኝ።

ለዘጠኝ አስር ጉዳይ ሆኗል። እኔ ሰዓቱን ላለማየት ይህን እጽፋለሁ። ወይንሸት በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች፣ በየደቂቃው እጠይቃታለሁ፣ እስካሁን ወደ እኛ ቤት የሚመጣ ሰው የለም ትለኛለች።