የነጋሪቱ ሆድ

የአልመና አገር ምንጭ የሚፈልቀው የንጉሡ ነጋሪት ሲጎሰም ብቻ ነበር። ፀሐይ በቀትር በጠቆረችበት ዕለት ግን ጋርማ የተባለው ባለ ክንፍ አውሬ ወርዶ ነጋሪቱን ነጠቀና ወደ ጭጋጉ ተራራ ይዞት በረረ። ምንጩም ቀጥ አለ።

የነጋሪቱ አለቃ ዘርፉ በንጉሡ ፊት ጦራቸውን ተክለው «ነጋሪቱን ሳልይዝ ብመለስ መሬት አትቀበለኝ!» ሲሉ ማሉ። ልከተል ያለች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ሜልዛ።

አይ ሜልዛ! ዋሽንት ጀምራ ተወች፤ ክራር ጀምራ ተወች። ከበሮ ያስተማሯት እኚሁ አለቃ ነበሩ። «ድምፁ የት ነው የሚቀመጠው?» እያለች ስታደርቃቸው ከርማ፣ አንድ ቀን ከበሮውን በቢላዋ ቀድዳ ሆዱን ስታይ ደረሱባትና አባረሯት። የጸናችው በማሲንቆ ብቻ ነው። የሟች አባቷ የእጅ ሥራ ነውና እሱን ለመቅደድ አልጨከነችም።

ገደሉን ወጥተው ዋሻው ሲደርሱ ጋርማ ጥፍሩን በነጋሪቱ ቆዳ ላይ ደግኖ ተቀምጧል። አለቃ ጦራቸውን ሰበቁ፤ አውሬው ግን በክንፉ ጫፍ ገፍቶ ዘረራቸው።

«ከዚህ ውስጥ የሚጮኸውን አውጥቼ ላየው ነው» አለ አውሬው።

የሜልዛ ፍርሃት ብን ብሎ ጠፋ። ይህን ጥያቄ ከራሷ ሌላ የሚጠይቅ ፍጡር አጋጥሟት አያውቅም።

«ባዶ ነው! እኔ ከበሮ ቀድጄ አይቻለሁ። ከቀደድከው ድምፁ ይሞታል፤ እኛም በውሃ ጥም እናልቃለን።»

«አሳይኝና ልመን።»

ሜልዛ ማሲንቆዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«ተይ ልጄ! የአባትሽ ነው!» አሉ አለቃ ከወደቁበት።

አንድ ዜማ ተጫወተች። ከዚያ እያለቀሰች የማሲንቆውን ቆዳ በቢላዋዋ ሰነጠቀችው። ጋርማ አንድ ዓይኑን አስጠግቶ ቢያይ ከእንጨቱ በቀር ምንም የለም።

«ታዲያ የት ነበር?» አለ ግራ ገብቶት።

«እኔም እስካሁን እየፈለግኩት ነው» አለችና ጥፍሩን አሳጥፋ ነጋሪቱን ቀስ አድርጋ አስመታችው። ድም! ከታች ከሸለቆው ውሃው ሲንፎለፎል ተሰማ። ጋርማ በደስታ ክንፉን አርገበገበ።

«ይሄን ውሰጂ» አለ በመጨረሻ፤ «የተቀደደውን ግን ተይልኝ።»

አልመና ጠጣች፤ ድግስም ተደገሰ። ሁሉም መሣሪያውን ሲያነሳ የሜልዛ እጅ ወደ ትከሻዋ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። እንባዋም ወረደ። ያን ጊዜ ከተራራው የማሲንቆ ድምፅ መጣ፤ የሚንቋረር፣ ቅኝቱ የጠፋ፣ የአባቷን ማሲንቆ ፈጽሞ የማይመስል።

«በምን ጠገነው ይሆን?» አለች እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ።

አለቃ ዘርፉ አንገታቸውን ደፉ።

«ሂጂና አስተምሪው ልጄ» አሉ። «ብዙ ቢጠይቅሽም እንደ እኔ እንዳታባርሪው።»